ዜሮ ብዬ የሞላሁት ሳጥን

ጥያቄው 14ኛው ይሁን 15ኛው ረስቼዋለሁ። ቃሉን ግን አልረሳሁትም። "ባለፈው ዓመት እርዳታ ፈልገው መጥተው ልታስተናግዷቸው ያልቻላችሁ ሰዎች ስንት ናቸው?" ይላል። ከሥሩ ባዶ ሳጥን አለ። ዜሮ ጻፍኩና ወደሚቀጥለው አለፍኩ።

እየዋሸሁ አልነበረም። እንዲያውም ትንሽ ኮራ ብያለሁ። የምሠራው አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ውስጥ፣ በአንዲት ትንሽ የማኅበረሰብ አገልግሎት ድርጅት ነው። ሦስት ነን፤ ከሦስታችን አንዳችንም የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ አይደለንም። ግን ከእኛ በር ማንም ባዶ እጁን አልተመለሰም። "ዛሬ ሞልቷል፣ በሌላ ቀን ይምጡ" የሚል አፍ አልተፈጠረልንም።

መጠይቁን የላከልን አባል የሆንበት ጃንጥላ ድርጅት ነው፤ እንደኛ ያሉ ድርጅቶችን አሰባስቦ ስለነሱ የሚናገር ማኅበር ማለት ነው። እዚህ አገር "ፒክ ቦዲ" ይሉታል። ጫፍ እንደማለት ነው፤ ተራራ አናት ላይ ተቀምጦ ቁልቁል የሚያየን ነገር ያስመስለዋል። የኛው ቃል ይሻለኛል። ጃንጥላን የሚይዘው ከሥሩ የቆመው ሰው ነዋ። ለማንኛውም ከነሱ የሚመጣውን ኢሜይል አብዛኛውን ጊዜ ሳልከፍት ነበር የማልፈው። የአባልነት ክፍያ እንከፍላለን፣ መጽሔት ይልካሉ፣ በቃ። ያን ቀን መጠይቁን የሞላሁትም ደንበኛ ቀርቶብኝ ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ስልክ ተደወለ።

"ምሥጢሩን ንገሪኝ"

የደወለችው የጃንጥላው ድርጅት የጥናት ሠራተኛ ናት። ድምፅዋ ወጣት ነው። መጀመሪያ የሆነ ነገር አበላሽተን የሞላን መስሎኝ ደነገጥኩ።

"ያላስተናገድነው ሰው ዜሮ ነው ብለሻል" አለች።

"አዎ።"

"እውነት ከሆነ ደስ ይለኛል። ምሥጢሩን ንገሪኝ።"

ነገርኳት። ሰው እንዲህ ሲጠይቀኝ ደስ ይለኛል፤ አልዋሽም። ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ደብዳቤ እንደማነብ ነገርኳት። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የሚደወለውን ስልክ ነገርኳት። ለቅሶ ቤት ተቀምጬ የመኖሪያ ቤት ማመልከቻ በስልኬ እንደሞላሁ፣ አንዲት ነፍሰ ጡር በገዛ መኪናዬ ሆስፒታል እንዳደረስኩ፣ ሁሉንም። ባልደረቦቼም እንደዚያው ናቸው አልኳት።

"ቤንዚኑስ?"

"የራሴ ነው።"

"ቅዳሜስ ይከፈልሻል?"

"ኧረ!" አልኩና ሳቅኩ።

እሷ አልሳቀችም። ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሄሎ?" አልኩ።

"አለሁ" አለች። ቀጥላም፦ "እንግዲህ ይሄን ወረቀት በጀት የሚመድበው ሰው ሲያነበው ምን እንደሚለው ልንገርሽ። በሳምንት ለ3 ቀን ብቻ በሚከፈል ገንዘብ፣ የመጣው ሰው ሁሉ ተስተናግዷል። አንድም የቀረ የለም። ስለዚህ ገንዘቡ በቂ ነው።"

መልስ አጣሁ። የተናገረችው በቁጣ አልነበረም። እንደ ሒሳብ ነው ያስቀመጠችው። ኮንትራቴ "ዜሮ ነጥብ ስድስት" ነው። የሙሉ ጊዜ ሥራ በሳምንት 38 ሰዓት ስለሆነ፣ የኔ ድርሻ 22 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ይመጣል። (አርባ ስምንቷን ደቂቃ ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል። ማን ቆሞ ሊቆጥራት ነው?) ከዚያ በላይ የምሠራው ሁሉ የትም አልተጻፈም። ያልተጻፈ ደግሞ፣ ወረቀት ለሚያነብ ሰው፣ አልተሠራም። ሰዎቹም አልመጡም።

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያናደደኝ እሷ አልነበረችም። ለዓመታት ደግነት እያልኩ የምጠራው ነገር፣ ወረቀት ላይ ሲወጣ "ችግር የለም" የሚል ምስክርነት ሆኖ መገኘቱ ነው። የምፈርመው ደግሞ እኔው ነኝ።

ዝም አይነቅዝም

"ዝም አይነቅዝም" እየተባልን ነው ያደግነው። ገበና መሸፈን ጨዋነት ነው። የሰው ገበና ብቻ አይደለም፤ የራስንም። ጎዶሎን አደባባይ ማውጣት እንደ ልመና ይቆጠራል። እኔ ሳጥኑ ውስጥ ዜሮ ስጽፍ በውስጤ የነበረው ይሄ ነው። ቁጥር መጻፍ "አቃተን" ማለት መሰለኝ።

ሥራ አስኪያጃችንም እንደዚሁ ነበር ያሰቡት። ጉዳዩን ስነግራቸው ደስ አላላቸውም። "ቁጥሩን ብንጽፍና በሚቀጥለው ጨረታ አቅም የላቸውም ቢሉንስ?" አሉ። ፍርሃታቸው መሠረት አለው። ትናንሾቹ ድርጅቶች ከትላልቆቹ ጋር ለአንድ ኮንትራት ነው የምንወዳደረው። በውድድር ላይ ማን ቁስሉን ያሳያል? ሁሉም ዜሮ ይጽፋል። ሁሉም ዜሮ ከጻፈ ደግሞ አገሩ ሙሉ ጤነኛ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውም የኛው ተረት መሆኑን ያን ቀን ትዝ ባለኝ ኖሮ ለሥራ አስኪያጃችን እመልስላቸው ነበር። ትዝ ያለኝ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ነው። እንዲህ ነው ሁሌ።

ጃንጥላ ድርጅት ለምን እንደሚያስፈልግ የገባኝ በዚህ በኩል ነው። ድምፅ ይሆኑልናል፣ ይከራከሩልናል የሚባለውን ቀድሞም እሰማ ነበር፤ አልማረከኝም። አንድ ድርጅት ብቻውን ሊናገረው የሚፈራውን ነገር፣ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ አንድ ላይ መናገር ግን ሌላ ነው። የኔ ቁጥር ብቻውን ነውር ነው። የሁላችን ቁጥር አንድ ላይ ሲሆን ማስረጃ ይሆናል።

ፌስታሉ

የደወለችልኝ ልጅ አንድ ሐሙስ ቀን መጣች። "አንድ ቀን አብሬሽ ልቀመጥ" ብላ ጠይቃኝ ነበር። ጥግ ላይ ፕላስቲክ ወንበር ሰጠናት። ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

አንዲት እናት መጡ። የማውቃቸው ናቸው። ደብዳቤ ሲመጣላቸው አይከፍቱም። ፌስታል ውስጥ ያጠራቅሙና ፌስታሉ ሲሞላ ይዘውት ይመጣሉ። እንግዳዋ መቀመጥ ትችል እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ "ትቀመጥ፣ ምን ከፋኝ" አሉ።

ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ገለበጥነው። እኔ ሁሌ ሦስት ቦታ ነው የምከፍለው፦ ዛሬውኑ የሚደወልበት፣ የሚያድር፣ የሚጣል። እማማ ከሁሉም መጀመሪያ አንዱን አንስተው ሰጡኝ። "ልጄ፣ ይሄ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ቀይ በቀይ ነው" አሉ። እውነትም ትልቅ ቀይ ጽሕፈት አለበት። የሶፋ ቅናሽ ማስታወቂያ ነው። ስነግራቸው ፈጣሪያቸውን አመሰገኑ። ከሥሩ የነበረው፣ ነጭ፣ ቀጭን፣ ምንም የማይመስለው ፖስታ ግን የመብራት መቁረጫ ማስጠንቀቂያ ነበር። ሌላው ደግሞ ቀኑ ካለፈ ሁለት ሳምንት የሆነው የዓይን ሐኪም ቀጠሮ።

ለመብራቱ ደወልኩ። ሙዚቃ እየሰማን ጠበቅን። ክፍያው በየወሩ እንዲከፋፈል ተስማማን። ለሐኪሙም ደወልኩ። በመሐል እማማ ወደ እንግዳዋ በአገጫቸው እየጠቆሙ፣ "ይቺ ልጅ ከመንግሥት ናት?" አሉኝ።

"አይ እማማ። የኛ የድርጅቶቹ ማኅበር አለ፣ ከዚያ ናት።"

"ምንድነው የምትሠራው?"

ምን እንደምል ቸገረኝ። "እኛ እንዴት እንደምንሠራ ታያለች" አልኳቸው።

"ደመወዝ አላት በዚህ?"

"አላት።"

"ጎበዝ" አሉ። ስላቅ ይሁን ምርቃት እስካሁን አላወቅኩም።

አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ፈጀን። እማማ ከወጡ በኋላ እንግዳዋ ወንበሯን አስጠግታ፣ "አሁን ይሄን እንዴት እንደምትመዘግቢው አሳዪኝ" አለች። ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ለገንዘብ ሰጪው የምንሞላው ሲስተም ተቆልቋይ ዝርዝር አለው። ፌስታል የሚል የለም። ከዝርዝሩ የሚቀርበው "መረጃ መስጠት" ነው። እሱን መረጥኩ። ብዛት፦ 1።

ሁለታችንም ስክሪኑን አየነው። ከሶፋው ማስታወቂያ እስከ መብራቱ ያለው ሁሉ እዚያች አንድ ውስጥ ገባ። በወረቀት መደርደሪያ ላይ ያለ ብሮሹር አንስቼ ብሰጣቸውም ያው አንድ ነበር።

ከመሄዷ በፊት ደብተር ያዥ አለችኝ። ከሥራ ሰዓት ውጪ የሚደውል፣ መንገድ ላይ የሚያስቆመኝ፣ ቅዳሜ የሚመጣ ሰው ሁሉ አንድ መስመር። ስም አያስፈልግም፤ ጉዳዩና የፈጀው ደቂቃ ብቻ። በሁለት ሳምንት 31 መስመር ሞላሁ። አስራ ዘጠነኛው መስመር "ለቅሶ ቤት፣ የኪራይ ጉዳይ፣ 40 ደቂቃ" ይላል። ያን ስጽፍ አፍሬ ነበር። ለቅሶ ላይ ሰዓት የሚይዝ ሰው!

ጠረጴዛው አንድ፣ አሠሪው አራት

ከዚያ ወዲህ ኢሜይላቸውን መክፈት ጀመርኩ። አሰልቺ ነው፤ ልደብቅላቸው አልችልም። ግን ከአሰልቺው መሐል የራሴን ኑሮ አገኘሁት።

እዚህ የክፍለ ግዛቱ ዋና ጃንጥላ የቪክቶሪያ የማኅበራዊ አገልግሎት ምክር ቤት ነው፤ ሰው ሁሉ "ቪኮስ" ነው የሚለው። በፈረንጆቹ 1946 የተቋቋመ ነው። የኒው ሳውዝ ዌልሱ ከዚያም ይበልጣል፣ 1935። አገር አቀፉ "ኤኮስ" ደግሞ 1956። ስምንቱም ክፍለ ግዛቶችና ግዛቶች የየራሳቸው አላቸው። ከነሱ ሌላ የቤት፣ የወጣት፣ የአካል ጉዳት፣ የብሔረሰብ ማኅበረሰቦች እየተባለ በየዘርፉ ሌሎች ጃንጥላዎች አሉ። አንዳንዴ ከዝናቡ ጃንጥላው ይበዛል ብዬ አስባለሁ።

ስለ ኮንትራት ርዝመት ይጽፋሉ። እኔ አንዲት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ አራት አሠሪ ተፈራርቆብኛል። ኮንትራቱ ያልቅና ሥራው ለሌላ ድርጅት ይሰጣል። ያው ደንበኛ፣ ያው ወንበር፣ አዲስ ባጅ። መንግሥትን በጥናት የሚያማክረው የፌዴራሉ ፕሮዳክቲቪቲ ኮሚሽን በ2017 ባጠናቀቀው ጥናት የማኅበረሰብ አገልግሎት ኮንትራት በተለምዶ 7 ዓመት እንዲሆን መክሯል። የኔ የመጨረሻው አንድ ዓመት ነበር።

አሠሪ በተቀያየረ ቁጥር የረጅም አገልግሎት ፈቃዴም፣ ማለትም ለዓመታት ለሠራ ሰው የሚሰጠው ደመወዝ ያለው ረጅም ዕረፍት፣ ከዜሮ ይጀምር ነበር። ከጁላይ 1 ቀን 2019 ጀምሮ ቪክቶሪያ ውስጥ ሕጉ ተቀይሮ፣ የማኅበረሰብ አገልግሎት ሠራተኛ አሠሪ ቢቀይርም ዘመኑ አብሮት ይቆጠራል። ይሄን ሕግ እየተጠቀምኩበት አላውቀውም ነበር። በየጊዜው የሚመጣውን መግለጫ ማስታወቂያ መስሎኝ ስጥለው ኖሬያለሁ። እማማን ልስቅባቸው አልችልም።

የደመወዙ ነገር ደግሞ አለ። በፌብሩዋሪ 2012 የአገሪቱ የሥራ ዳኝነት አካል በዚህ ዘርፍ ደመወዝ ላይ ከ23 እስከ 45 በመቶ ጭማሪ ወሰነ። በስምንት ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ የሚከፈል ሆኖ በዲሴምበር 2020 ተጠናቀቀ። ጉዳዩን ይዘው የገቡት የሠራተኛ ማኅበራት ናቸው። ክርክራቸው ሥራው ርካሽ የሆነው አብዛኛው ሠራተኛ ሴት ስለሆነና መንከባከብ "ከተፈጥሯቸው ነው" ስለሚባል ነው የሚል ነበር፤ ጾታ ድርሻ እንዳለው ዳኞቹም ተቀብለዋል። ውሳኔው ከወጣ በኋላ ግን ሌላ ጣጣ መጣ። መንግሥት በኮንትራቱ ላይ የሚከፍለው ካልጨመረ፣ ድርጅቱ ደመወዝ ሊጨምር የሚችለው ሰዓት ቀንሶ ነው። ጭማሪውን ማን ይሸፍነዋል የሚለውን ክርክር ከያዙት አንዱ ጃንጥላዎቹ ናቸው። እንዲህ ያለ ሥራ ዜና አይሆንም። የሒሳብ ሥራ ነው።

"ከተፈጥሯቸው ነው" የሚለው ላይ ግን ቆምኩ። እኔ ቅዳሜን ያላስቆጠርኩት እኮ ለዚሁ ነው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስል የተባለችው ሴት ምን አልባት መጠይቅ ብትሞላ ዜሮ ነበር የምትጽፈው።

ያጎረሰን እጅ

ጃንጥላዎቹን ላመስግን ብዬ አይደለም የተነሳሁት። የምጠረጥረውም አለ። አብዛኞቹ የሚተዳደሩት በከፊል ከመንግሥት በሚያገኙት ገንዘብ ነው። የሚተቹትም ያንኑ መንግሥት ነው። በዲሴምበር 2014፣ የፈረንጆቹ ገና ሊውል ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ የፌዴራል መንግሥት ለመኖሪያ ቤትና ለቤት አልባነት አገር አቀፍ ጃንጥላዎች የሚሰጠውን ድጎማ እንደሚያቆም አስታወቀ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2013፣ የፌዴራል ኮንትራት ድርጅቶችን አፍ መዝጋት እንደማይችል የሚደነግግ ሕግ ወጥቶ ነበር። አፍ አይዘጋም፤ ገንዘብ ግን ይቆማል። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያቸው ሥራ አስኪያጃችን ለምን እንደሚፈሩ የበለጠ ገባኝ።

ሌላው ጥርጣሬዬ ማንን ነው የሚሰሙት የሚለው ነው። መቶዎች ሠራተኛ ያለው ትልቅ ድርጅት ስብሰባ የሚልከው ሰው አለው። እኛ ሰው ከላክን ቢሮው ይዘጋል። ጁላይ 4 ቀን 2020 በፍሌሚንግተንና በኖርዝ ሜልበርን ዘጠኝ የመንግሥት የኪራይ መኖሪያ ሕንፃዎች በወረርሽኙ ምክንያት በድንገት ሲዘጉ 3,000 ያህል ሰው ውስጥ ነበር። ብዙ ሐበሻ፣ ብዙ ሶማሌ፣ ብዙ ሱዳናዊ። ብዙዎቹ ነገሩን ያወቁት ፖሊስ በር ላይ ሲያዩ ነው። ስምንቱ ከአምስት ቀን በኋላ ሲከፈቱ አንዱ ግን 14 ቀን ቆየ። የክፍለ ግዛቱ እንባ ጠባቂ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ መዘጋቱ የሰዎቹን ሰብዓዊ መብት የጣሰ ነው ብላ ሪፖርት አወጣች። ያን ሰሞን ስልኬ ከእጄ አልወረደም። በየፎቁ ማን ስኳር እንዳለበት፣ ማን አራስ እንደሆነች፣ የማን ስልክ ካርድ እንዳለቀ የሚያውቁት ትናንሾቹ ማኅበራት ነበሩ። ይሄ እውቀት አስቀድሞ የትም አልተመዘገበም ነበር። ተቆልቋይ ዝርዝሩ ውስጥ ቦታ የለውማ።

ለልጅቷ ይሄንንም ነገርኳት። "ስብሰባችሁን እኛ መምጣት በምንችልበት ሰዓት አድርጉት፣ ካልሆነ እናንተ ኑ" አልኳት። ጻፈችው። መጻፏን እንጂ መፈጸሙን አላረጋግጥም።

አንድ ዓረፍተ ነገር

ከወራት በኋላ ከበጀት በፊት ለመንግሥት የሚያስገቡትን ምክረ ሐሳብ ላከችልኝ። ረጅም ሰነድ ነው። ፌስታሉን ፈለግኩ። 31 መስመሬን ፈለግኩ። ያገኘሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ትናንሽ ድርጅቶች የፍላጎቱን ክፍተት በማይከፈልበት ሥራ እየሸፈኑ ስለሆነ እውነተኛው ፍላጎት በሪፖርት ላይ ዝቅ ብሎ ይታያል ይላል። ያቺው ናት። የማንም ስም የለባትም።

መጀመሪያ ከፋኝ። ለዚህች ነው ለቅሶ ቤት ሰዓት የያዝኩት? ደጋግሜ ሳነባት ግን ቀዘቀዝኩ። "እየሸፈኑ" የሚለው ብዙ ቁጥር ነው። ያቺን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ስንት ደብተር እንዳነበበች አላውቅም፤ የኔ ብቻ እንዳልነበረ ግን ግሡ ይናገራል። ለሥራ አስኪያጃችን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡና፣ "ስማችን የለም አይደል?" አሉ። የለም አልኳቸው። "ጥሩ ነው" አሉ።

በጀቱ ወጣ። ኮንትራታችን ታደሰ፤ ያው ለአንድ ዓመት፣ ያው ዜሮ ነጥብ ስድስት።

ባለፈው ሳምንት የዘንድሮው መጠይቅ ደረሰን። ዘንድሮ በራሴ ፈቃድ ከፈትኩት። የድሮው ጥያቄ አለ። ከሥሩ አዲስ ተጨምሯል፦ "ከሥራ ሰዓት ውጪ ወይም ያለ ክፍያ ያስተናገዳችኋቸው ሰዎች ስንት ናቸው?" ብቻዬን ሳቅኩ። ሳጥኑ ለኔ የተሰፋ ልብስ ነው የሚመስለው።

ደብተሩን ከመሳቢያ አወጣሁ። የመጨረሻው መስመር የዛሬ ሰባት ወር የተጻፈ ነው። ከዚያ በኋላ ሥራ በዛብኝና ተውኩት። ጠቋሚው ሳጥኑ ውስጥ ብልጭ ድርግም ይላል። ዜሮ ልጽፍ አልችልም፤ የምጽፈው ቁጥርም የለኝም። ሥራ አስኪያጃችንን ጠራሁና አንድ ላይ ተቀምጠን በጣታችን መቁጠር ጀመርን፣ ከፋሲካ ወዲህ ያለውን።